የአፍንጫ እጥበት በጨው ውሃ፦ ለመስከረምና ለጥቅምት አለርጂ

ከመስከረም እስከ ኅዳር ማስነጠስ አልለቅ የሚላችሁ፣ ጠዋት ቀጭን ውሃ ከአፍንጫችሁ የሚወርድ፣ ማታ ደግሞ ድፍን ብሎ በአፋችሁ የምትተነፍሱ፣ ዓይናችሁንና ላንቃችሁን የሚበላችሁ ከሆነ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን ይመጣል። ሳምንታት ይቆያል። ትኩሳት የለውም። ጉንፋን ቢሆን በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይለቅ ነበር።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። እዚህ ይሄ ወቅት የሣር ወቅት ነው። ሜዳው ያብባል፣ ይደርቃል፣ ይታጨዳል፣ ከዚያ ድርቆሹ እየታሰረ በአይሱዙ ተጭኖ እንጦጦን አልፎ ወደ ከተማ ይወርዳል። መኪናው ባለፈ ቁጥር መንገድ ዳር የቆመ ሰው የድርሻውን ይተነፍሳል። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ኮዬ ፈጬ ያላችሁም ብዙ አትለዩም። በአንድ በኩል እርሻ፣ በሌላ በኩል ግንባታ፣ መሃል ላይ ኮረኮንች መንገድ። ኅዳር 12 ደግሞ ኅዳር ሲታጠን በየደጁ የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭሱን ይጨምርበታል። ጭስ ራሱ አለርጂ ባይሆንም ቀድሞ የቆሰለን አፍንጫ ያባብሰዋል።

እንግዲህ ብናኙን ከአየሩ ማውጣት አንችልም። ከአፍንጫችን ግን ማውጣት እንችላለን። የሚያስፈልገው ውሃ፣ ጨውና አንድ ሲሪንጅ ነው።

አፍንጫ የምንተነፍሰውን አየር ያጣራል። የሣር አበባ ብናኝ፣ አቧራ፣ ጥላሸት፣ ሁሉም እርጥቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ያንን ብናኝ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይለቃል፤ ማሳከኩም፣ ማስነጠሱም፣ መደፈኑም የሚመጣው ከዚያ ነው። የጨው ውሃ ብናኙን ከነንፍጡ ጠርጎ ያወጣዋል። አለርጂውን ከሥሩ አይነቅልም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ 14 ጥናቶችን አይቶ፣ የሚታጠቡ ሰዎች ከማይታጠቡት ይልቅ እስከ 3 ወር ድረስ ምልክቱ ሊቀልላቸው እንደሚችል ጽፏል። ማስረጃው ጠንካራ የሚባል እንዳልሆነም አብሮ ተናግሯል። እኔ የምለውም ይህንኑ ነው፦ ርካሽ ነው፣ በትክክል ከተሠራ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ይቀለዋል።

«በትክክል ከተሠራ» ያልኩት ግን ዋናው ነገር ነው።

መጀመሪያ ውሃው

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱ፦ ያልፈላ ውሃ ወደ አፍንጫ አይገባም። የቧንቧ ቢሆን፣ የጉድጓድ ቢሆን፣ የሮቶ ቢሆን፣ ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ውሃም ቢሆን። የታሸገው ለመጠጥ ንጹሕ ነው እንጂ ከጀርም ነፃ ተደርጎ የተዘጋጀ አይደለም።

ለምን እንደዚህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። የምንጠጣው ውሃ ሆድ ሲገባ አሲድ ይጠብቀዋል። አፍንጫ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥበቃ የለም፣ ከአፍንጫ ጣሪያ እስከ አንጎል ያለው ርቀትም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ 2 ሰዎች አፍንጫቸውን በቧንቧ ውሃ አጥበው፣ ኔግለሪያ ፋውለሪ የምትባል አሜባ በአፍንጫቸው በኩል አንጎላቸው ገብታ ሞተዋል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ከያዘ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቀላል፣ መከላከያው ደግሞ ማፍላት ብቻ ነው። ከአሜባውም ሌላ፣ እኛ ዳር ሰፈር ያለን ሰዎች ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ፣ ሳምንት የቆየ ጄሪካን፣ ክዳኑ የጠፋ በርሜል ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም።

አፈላሉ ላይ የእኛ አገር ሰው ልብ ማለት ያለበት ነገር አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ አካባቢ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ጋ ከፍታው ስለሚበዛ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ የሚበቃው ማፍላት ለእኛ አይበቃም። ከ2,000 ሜትር ግድም በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው 3 ደቂቃ ነው፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለን ሰዎች ደግሞ እዚያ ውስጥ ነን። 3 ደቂቃው የሚቆጠረው ውሃው እየተንተከተከ መገልበጥ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ሲታይ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያላችሁ ሰዎች እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። እሱ ገና እንደፈላ ቀጭ ብሎ ይጠፋል። 3 ደቂቃ አልፈላም ማለት ነው። ውሃውን በድስት አፍሉት፣ ክዳኑን ከድናችሁ አቀዝቅዙት። ጣት አታስገቡበት፣ ጭልፋም አትንከሩበት። ንጹሕና ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከተቀመጠ ለ24 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ያለፈውን ለሻይ አድርጉትና አዲስ አፍሉ።

መብራት ሲጠፋ እንዳያስቸግራችሁ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ አፍሉ። ግማሹን ለዚሁ ብቻ በለያችሁት ፔርሙዝ፣ ግማሹን በክዳን ዕቃ አድርጉ። ማታ ሁለቱን ስትቀላቅሉ ለብ ያለ ውሃ ታገኛላችሁ። የቡና ፔርሙዝ አይሆንም፣ ሽታው አይለቅም።

ጨው

ሰውነታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የጨው መጠን 0.9 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ ያነሰ ውሃ አፍንጫን ያቃጥላል፣ ከዚያ በጣም የበዛም ያቃጥላል። ዋና ስትዋኙ ወይም ፊታችሁን ስትታጠቡ ውሃ ሽቅብ ሲላችሁ የሚሰማችሁ ያ ማቃጠል የጨው እጦት ነው። መጠኑ ሲስተካከል ምንም አያምም።

ለ1 ሊትር የፈላ ውሃ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ አፉ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ። ላዩ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር ይለሰልሳል። ቤት ያለው የስኳር ማንኪያ ግን መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። ከልጆች ሽሮፕ ጋር የሚመጣው 5 ሚሊ ሊትር የሚል ማንኪያ ካላችሁ በእሱ ለኩ፣ እሱ አይዋሽም። ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ። እሱ ለኬክ ነው፣ ውስጡ አሲድና ስታርች አለበት፣ ለአፍንጫ አይሆንም። ማሸጊያው ላይ ሶዳ የሚል ቃል ፈልጉ።

ስለ ጨው ዓይነት። ሱቅ የሚሸጠው የገበታ ጨው አብዛኛው አዮዲን ያለው ነው። ለወጥ ጥሩ ነው፣ ለእንቅርት መከላከያ ነው፣ ከቤታችሁ አታጥፉት። አዮዲኑና እንዳይረጋ የሚጨመርበት ነገር ግን አንዳንድ ሰው አፍንጫ ላይ ይቆጠቁጣል። አዮዲን የሌለው ንጹሕ ደቃቅ ጨው ካገኛችሁ ይመረጣል። ከገበያ በጣሳ የሚሰፈረውን ጥሬ ጨው ግን ተዉት። ብርጭቆ ውስጥ አሟሙትና ትንሽ ጠብቃችሁ እዩት፣ ሥሩ ላይ ግራጫ አሸዋ ይዘቅጣል። ያ አሸዋ አፍንጫ ውስጥ ምን ይሠራል?

ይህ ሁሉ ልኬት የሚያደክመው ሰው ፋርማሲ ሄዶ ኖርማል ሳላይን ይግዛ። ጨውም ውሃም የተመጠነለት፣ ከጀርም ነፃ የሆነ ነው። ሲገዙ ግን «ጉሉኮስ ስጡኝ» አይባልም። በእኛ አገር በክንድ የሚሰጠውን ሁሉ ጉሉኮስ ማለት ስለለመድን እውነተኛው ግሉኮስ፣ ስኳር ያለበት ማለት ነው፣ ሊሰጣችሁ ይችላል። ላዩ ላይ ሶዲየም ክሎራይድ 0.9 በመቶ መባሉንና ቀኑ አለማለፉን አይታችሁ ተቀበሉ። ከተከፈተ በኋላ እሱም ለ24 ሰዓት ነው። ስለዚህ ትልቁን ከረጢት ለአንድ ሰው አትግዙ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው የሚታጠብ ከሆነ ግን ያዋጣል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ውሃው ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱ በየቦታው ጥቅም ይኖረዋል፣ ያበጠ የአፍንጫ ሥጋ ላይ ሲፈስ ግን ያቃጥላል፣ ጉዳቱም ያመዝናል።

ዕቃው

ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አለ። አንዱ እንደ ትንሽ ጀበና አፍንጫ ያለው ዕቃ ነው፣ ከሕንድ የዮጋ ልማድ የመጣ። ሌላው የሚጨመቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ካላገኛችሁ ከማንኛውም ፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፣ ባለ 50 ካለ ደግሞ እሰየው። መርፌውን ንቀሉና ልጆች በማያገኙት ቦታ በጠንካራ ዕቃ አስወግዱት። ለአንድ ሰው አንድ ሲሪንጅ ነው፣ ባልና ሚስት እንኳ አይጋሩም። ከተጠቀማችሁ በኋላ በፈላ ውሃ እጠቡት፣ ውስጡን አራግፉ፣ ፈታታችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቁት። ላስቲኩ መክበድ ሲጀምር ወይም ውስጡ ሲደበዝዝ ጣሉት፣ ዋጋው ትንሽ ነው።

አሁን ወደ መታጠቡ

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የጨው ውሃውን ንጹሕ ኩባያ ውስጥ ቅዱና የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉት፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ልክ ነው። የሚያቃጥል ውሃ አደጋ ነው፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ራስ ያሳምማል።

መታጠቢያ ከሌላችሁ ሳፋ ወንበር ላይ አስቀምጡና ወደ ፊት አጎንብሱ። ወደ ኋላ ቀና አይባልም። ወደ ኋላ ካላችሁ ውሃው ጉሮሮ ይገባል፣ ያንቃል። ካጎነበሳችሁ በኋላ ጭንቅላታችሁን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጉ፣ አንዱ ቀዳዳ ከላይ ሌላው ከታች እንዲሆን። አፋችሁን ክፈቱ፣ በአፋችሁ ብቻ ተንፍሱ። የሲሪንጁን ጫፍ ከላይ ባለው ቀዳዳ አፍ ላይ አሳርፉት፣ ወደ ውስጥ አትስደዱት። አቅጣጫው ወደ መሃሉ አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭኛው የዓይን ጫፍ ትንሽ ሰያፍ ይሁን። ከዚያ ቀስ። ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

አክስቴ እዚሁ ሱሉልታ ላሞች አሏቸው፣ ድርቆሽ የሚያራግፉት በገዛ እጃቸው ነው። ሥራው ሲበዛ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ይውላሉ። ሲሪንጁን ሳሳያቸው «አንተ ልጅ፣ ውሃ በአፍንጫዬ? ልታንቀኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። «እቴቴ፣ ክ ክ ክ እያሉ ይሞክሩት» አልኳቸው። ሳቁ፣ ግን አደረጉት። «ክ» ስንል የላንቃችን ለስላሳ ክፍል ወደ ላይ ተነስቶ የጉሮሮን በር ይዘጋዋል፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ በሌላኛው ቀዳዳ ይወጣል። ክ፣ ክ፣ ክ፣ በግራ የገባው በቀኝ ጠብ ጠብ እያለ ሳፋው ውስጥ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ጥርት ያለ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የድርቆሽ ስባሪ የያዘ ቡናማ ንፍጥ ተከተለ። «ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር?» አሉ እቴቴ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ከጋጣ ሲወጡ ውሃቸውን ራሳቸው ያፈላሉ።

ለአንድ ቀዳዳ በባለ 20 ሲሪንጅ 5 ወይም 6 ጊዜ ይበቃል፣ ወደ 100 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከዚያ ጭንቅላታችሁን ወደ ሌላው ጎን አዙሩና ድገሙት። ወደ አፋችሁ የመጣውን ትፉት። ትንሽ ቢዋጥ አይጎዳም። የሚያቃጥል ከሆነ አቁሙ፣ ወይ ጨዉ ልክ አይደለም፣ ወይ ሙቀቱ። ጆሯችሁ ውስጥ ግፊት ከተሰማችሁ በኃይል እየገፋችሁ ነው ማለት ነው፣ ቀስ በሉ። አንደኛው ቀዳዳ ጨርሶ ተደፍኖ ውሃ ካላሳለፈ በግድ አትግፉት፤ መጀመሪያ ክፍት በሆነው በኩል ሞክሩ፣ እምቢ ካለ ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ሲያልቅ እንዳጎነበሳችሁ ትንሽ ቆዩ፣ የቀረው ይውረድ። ከዚያ ሁለቱንም ቀዳዳ ክፍት አድርጋችሁ በቀስታ ተናፈጡ። አንዱን ይዞ በኃይል መናፈጥ ውሃውን ወደ ጆሮ ይሰደዋል። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ጫማ ልታስሩ ስታጎነብሱ ውሃ ጠብ ቢል አትደንግጡ፣ ተደብቆ የቀረ ነው። ለዚህ ሲባል ከመተኛት ቢያንስ 1 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ታጠቡ።

መቼ፣ ስንት ጊዜ

በወቅቱ በቀን 1 ጊዜ ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ከበረታ 2 ጊዜ። እኔ የማምንበት ሰዓት ማታ ነው፣ ከሥራ ወይም ከመንገድ እንደተገባ። ብናኙን ይዞ አልጋ ውስጥ ከመግባት የሚብስ የለም። ልብሱንም ያኔውኑ ቀይሩ፣ ፀጉርም ቢታጠብ ጥሩ ነው። ቤት ሲጠረግ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጭ። ትራስ ልብስና አንሶላ በድርቆሹ ሰሞን ውጭ ገመድ ላይ ባይሰጣ ይመረጣል። ወቅቱ ሲያልፍ እጥበቱን መቀነስ ወይም መተው ይቻላል።

የአፍንጫ ስፕሬይ የታዘዘላችሁ ካላችሁ፣ ፍሉቲካዞን ወይም ሞሜታዞን ወይም ቤክሎሜታዞን የሚሉት፣ መጀመሪያ ታጠቡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ንፉ። መድኃኒቱ ንፍጥ ላይ ሳይሆን ሥጋው ላይ ያርፋል። ቀኙን ቀዳዳ በግራ እጅ፣ ግራውን በቀኝ እጅ ስትነፉ ጫፉ ከመሃሉ አጥንት ይርቃል፣ መድማትም ይቀንሳል። እነዚህ ስፕሬዮች ሙሉ ጥቅማቸው የሚታየው በየቀኑ ለሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት ሲወሰዱ ስለሆነ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብላችሁ አትጣሉት። ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች፣ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የሚባሉት ግን ሌላ ናቸው። ከ5 ቀን በላይ ከቆያችሁባቸው አፍንጫው እነሱን ይለምድና ሲተዋቸው ከበፊቱ ብሶ ይደፈናል። ለወራት ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞር ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከነሱ ለመላቀቅ ሐኪም ያግዛል፣ እጥበቱም ያግዛል።

የማይታጠብ ሰው

ጆሮው የሚያመው ወይም መግል የሚፈሰው፣ በቅርቡ አፍንጫው፣ ጆሮው ወይም ፊቱ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ፊቱ ላይ አደጋ የደረሰበት፣ አፍንጫው ቶሎ ቶሎ የሚደማ፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ሕፃናትን በሲሪንጅ አትጠቡ። ከፍ ያለ ልጅም ማጎንበስና በአፉ መተንፈስ ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ይዛችሁ አታስገድዱት።

በአንድ በኩል ብቻ የሚሸት ነገር የሚወርደው ልጅ አፍንጫው ውስጥ ባቄላ ወይም ዶቃ ከትቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከአንድ ቀዳዳ ጥርት ያለ ውሃ የሚወርደው ሰው ለነገ አይባልም። ዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ አንገት የሚያደርቅ ራስ ምታት፣ እነዚህም እንደዚያው የዛሬ ጉዳይ ናቸው። ማታ ማታ ደረታችሁ ሲር ሲር የሚል፣ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ደግሞ አለርጂው አስም ይዞ መጥቶ ይሆናል፣ አፍንጫ ማጠብ ለእሱ መልስ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በየትኛው ወር እንደሚጀምራችሁ፣ የትኛው ቦታ ስትሆኑ እንደሚብስ፣ እስካሁን የትኛውን ጠብታና ኪኒን ለስንት ጊዜ እንደወሰዳችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖቹንም ይዛችሁ ሂዱ።